ላሜራና ዘመን፦ ስለ ታናናሽ የቅንጦት መኪናዎች መልክና ዕድሜ

ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚዘልቀው የአፍሪካ ጎዳና ዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ የግማሽ ምዕተ ዓመት የመኪና ቅርጽ በአንድ ሰልፍ ሲያልፍ ያያል። ድምፁ የማይሰማ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከፊት ይሄዳል፤ ከኋላው አራት ማዕዘን ገጽ ያላት የአርባ ዓመት ኮሮላ ትከተላለች፤ ከጎኗ የጣሪያው ቀለም በፀሐይ የነጣ መርሰዲስ 190 መብራት ይጠብቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ጀርባው እንደ ጥንዚዛ የጎበጠ ቮልስ፣ በመስኮቱ የሕፃናት ራስ እየታየ፣ ሞተሩን ከኋላው እያንኳኳ ይደርሳል። መኪና በየአምስትና በየስድስት ዓመቱ በሚለወጥባቸው አገሮች እነዚህ ቅርጾች በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን እምብዛም አይታዩም፤ አሮጌው ወደ ብረት ማቅለጫ ወይም ወደ ቤተ መዘክር ይሄዳል፣ ጎዳናው ለአዲሱ ይለቀቃል። በአዲስ አበባ ግን አዲስ የወጣ መልክ ሁልጊዜም የሚፈተነው በአባቱና በአያቱ ፊት ነው። የመኪና መልክ ያረጃል ወይስ አያረጅም ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ችሎት ማግኘት ያስቸግራል።

መኪና በሂስ ዓምድ መቅረቡ እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ አይጠፋም። መኪና ሸቀጥ ነው፤ ከፋብሪካ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ ይበላሻል። ይሁን እንጂ መሶብም ለእንጀራ፣ ጀበናም ለቡና የተሠሩ ናቸው፤ የመሶብን አንገትና የጀበናን ሆድ ግን ከውበት ክልል ውጭ አድርጎ የሚያይ የለም። ስለ መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ደግሞ ስለ ምንም አለመናገር ስለሚሆን፣ እዚህ የተመረጠው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለሹማምንትና ለባለጸጎች ከሚሠሩት ሰፊ መኪና ዝቅ አድርገው፣ ለሐኪሙ፣ ለመሐንዲሱና ገና በማደግ ላይ ላለው ነጋዴ የሚያቀርቡት ታናሽ የቅንጦት መኪና። ይህ ወገን የተመረጠበት ምክንያት አለው። ታላቁን መኪና ግርማ ለመስጠት ስፋቱ ብቻውን ብዙ ይረዳል፤ ርካሹን መኪና ደግሞ ግርማ የሚጠይቀው የለም። ታናሹ የቅንጦት መኪና ግን በጠባብ ገላ የታላቅነትን ነገር እንዲናገር ይገደዳል፤ ስለዚህም የነዳፊው እውነተኛ ችሎታ የሚታየው በእርሱ ላይ ነው።

የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል። መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ ባለቅኔው ምሥጢሩን የሚያሰፋበት ስፍራ አያጣም። ጉባኤ ቃና ግን ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የቅኔ ተማሪም ትምህርቱን የሚጀምረው በእርሱ ነው። ጀማሪው የሚሳሳተው ጉባኤ ቃናን የተቆረጠ መወድስ አድርጎ ሲያስበው፣ የስምንቱን ቤት ዕቃ በሁለቱ ውስጥ ለማጨቅ ሲሞክር ነው። የበሰለው ባለቅኔ ሁለቱን ቤት በራሳቸው ሙሉ ያደርጋቸዋል። ታናናሾቹ የቅንጦት መኪናዎችም በእነዚህ ሁለት ወገኖች ይከፈላሉ፤ የተቆረጡ መወድሶች አሉ፤ ጉባኤ ቃናዎችም አሉ።

የመኪና ቅርጽ በዚህች ከተማ ገና ከጥዋቱ ትርጉም የተሸከመ ነበር። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲድሊ የተባለውን መኪና በበረሃና በተራራ አሳልፎ ለዐፄ ምኒልክ ሲያደርስ፣ የመጣው መጓጓዣ ብቻ አልነበረም፤ የዘመናዊነት ምስልም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ትቶ አንድ ትዕይንት ብቻ ማንሳት ይበቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ የገቡት በአንድ ትንሽ ቮልስዋገን ውስጥ ነው። ለቴዎድሮስም ሆነ ለሌላ ንጉሥ ተውኔት የጻፈ ደራሲ ከዚህ የበለጠ የመድረክ ዕቃ ሊመርጥ አይችልም ነበር። ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ፣ ከንግግሩና ከአዋጁ ይልቅ በሕዝቡ ዓይን ውስጥ የቀረው የዚያች ክብ ጣሪያ መኪና ቅርጽ ነው። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው፤ ቮልሷ ራሷ ከዚያ ቀን ውርደትም ክብርም አልወረሰችም። በማግሥቱም የአስተማሪና የነርስ መኪና ሆና ቀጠለች፤ ዛሬም በገርጂና በጉርድ ሾላ ሰፈሮች ያው ናት። ታሪክ እንዲህ ያለ ከባድ ትርጉም ጭኖበት ሳይጎብጥ የሚያልፍ ቅርጽ ጥቂት ነው።

ወደ ተነሣንበት ወገን እንመለስ። መርሰዲስ ቤንዝ 190 የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ሲያወጣ፣ በወቅቱ ከነበረው መካከለኛው መርሰዲስ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሰ፣ 4.42 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መኪና ለሕዝብ አቀረበ። የፋብሪካው የቅርጽ ክፍል ኃላፊ በኡዲኔ የተወለደው ጣሊያናዊው ብሩኖ ሳኮ ነበር፤ ከ1975 እስከ 1999 በኃላፊነቱ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ዐርፏል። ሳኮ ሁለት መመሪያ ነበረው። አንደኛው፣ በአንድ ዘመን ያሉ የፋብሪካው መኪናዎች ትልቁም ትንሹም የአንድ ቤት ልጆች መስለው እንዲታዩ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ የሚወጣው መኪና የቀደመውን አሮጌ እንዳያስመስለው ነው። ሁለተኛው መመሪያ ለነጋዴ የሚጎዳ ይመስላል፤ ሻጭ የሚፈልገው ገዢው የትናንቱን መኪናውን እንዲጠላ ነውና። ዳሩ ግን ይህ መመሪያ የተጻፈው ሳያውቁት ለአዲስ አበባ ነው ማለት ይቻላል፤ መኪና ሦስትና አራት ባለቤት እየቀያየረ ሠላሳና አርባ ዓመት በሚኖርባት ከተማ፣ ያለፈውን የማያሳፍር አዲስ ማለት ትልቅ ደግነት ነው።

የ190ን ቅርጽ ለማየት ከፊት መጀመር የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ፍርግርጉና ከኮፈኑ ጫፍ ላይ የቆመው ኮከብ ዓይንን አስቀድመው ይይዛሉ። ይህ ግን የቅርጹ ደካማ ወገን ነው። ፍርግርጉ የታላላቆቹን መኪናዎች ፍርግርግ አሳንሶ የወሰደ ነው፤ በዚህ ስፍራ 190 እንደ ተቆረጠ መወድስ ሆኗል። ከኋላ ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎኖቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ቀስ እያሉ ይጠባሉ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ማዕዘኖቹ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ሰያፍ ተቆርጠዋል። ይህ ሁሉ ነፋስን ለመክፈል የተሠራ ነው፤ የመኪናው የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥር 0.33 ገደማ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ነፋሱን ሳያውቅ ውሳኔውን ያያል፤ መሥመሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ እጅ የሠራው መሆኑ ይታወቃል። የኋላ መብራቶቹ ላይ ያሉት ሸንተረሮችም እንዲሁ ናቸው። ጌጥ ይመስላሉ፤ የተሠሩት ግን ጭቃ በጉብታዎቹ ላይ ሲያርፍ በጎድጓዶቹ በኩል ብርሃን እንዲወጣ ታስቦ ነው። ከአያት እስከ መገናኛ በክረምት የተነዳ 190 ከኋላ ለተከተለ ሰው ይህ በመጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን በዓይን የሚታይ እውነት ነው። ቅርጽና ይዘት የማይነጣጠሉ ናቸው የሚለው የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነባር ቃል እንዲህ ባለ የጭቃ ምስክር ሲደገፍ ማየት ያስደስታል።

ሳኮ ራሱ የበደለው በደል ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 መኪናው ሲታደስ በበሮቹ ግርጌ ሰፋፊ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ተለጠፉበት። በሩን ከጭረት ይጠብቃሉ የሚለው ምክንያት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ሰሌዳዎቹ ያንን ረጅሙን የጎን መሥመር ለሁለት ከፍለው መኪናውን ቀሚሱ የረዘመበት ሰው አስመስለውታል። ዛሬ በቦሌ ከሚታዩት መካከል ሰሌዳ ያላቸው ዕድሜያቸው ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ያረጁ የሚመስሉት እነርሱ ናቸው። የፊተኞቹ፣ ባዶ ጎን ያላቸው፣ ወጣት ሆነው ቀርተዋል።

የባየር ሞተር ፋብሪካ፣ ማለትም ቢ.ኤም.ደብልዩ.፣ በዚያው በ1982 ያወጣው ሁለተኛው ትውልድ 3 ተከታታይ የ190 እውነተኛ ተፎካካሪ ነው። በፋብሪካው ሰዎች ዘንድ ኢ30 ተብሎ ይጠራል፤ የቅርጽ ክፍሉን የሚመራው ክላውስ ሉተ ነበር። ይህ መኪና የታላቅ ወንድሙ ቁራጭ አይደለም። ፋብሪካው ስሙን መልሶ ያነሣው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሠራቸው መጠነኛ መኪናዎች ስለሆነ፣ ትንሽነት ለእርሱ የትውልድ ቋንቋው ነው። አራቱ ክብ የፊት መብራቶች፣ ወደ ፊት በጥቂቱ ያዘነበለው አፍንጫ፣ መስኮቱ የሚጨርስበት ያ ትንሽ ማጠፊያ፣ ሁሉም ልክ ልክ ናቸው። ማጠፊያው እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በዊልሄልም ሆፍማይስተር ስም የሚጠራ ነው፤ የመጨረሻው የመስኮት ምሰሶ ወደ ታች ሲወርድ ከመሬት ሳይደርስ ወደ ፊት ይመለሳል። በግጥም ቢሆን ቤት መምቻው ነው፤ መሥመሩ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ እዚያም ሲደርስ ዓይን ያርፋል። የፋብሪካው ሌሎች መኪናዎች ይህንኑ ቤት ደጋግመው መትተዋል፤ በኢ30 ላይ ያለውን ያህል የጠራ ግን የለም።

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው በተሻለ አረጀ ቢባል፣ መልሱ እንደ ቆሙበት ስፍራ ይለያያል። ለብቻው የቆመ ኢ30 ከ190 ይበልጣል፤ ሙሉ ጉባኤ ቃና ነው። በሰልፍ መካከል ግን 190 ይበልጣል። ኢ30 ወጣትነቱን የሚያውቅና የሚያሳይ መኪና ነው፤ ላሜራው ሲጨማደድ፣ ቀለሙ ሲነጣ፣ አንዱ መብራቱ ሲጎድል ያዝናል፤ ያዘነ ጎልማሳ ሆኖ ይታያል። 190 ግን ከመጀመሪያውም የአዛውንት ጠባይ ስለነበረው እርጅና ሲመጣበት አልተለወጠም። በተውኔት ዓለም እንዲህ ያሉ ተዋንያን ይገኛሉ፤ በሃያ ዓመታቸው የስድሳ ዓመት ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ ስድሳ ሲሞላቸውም ሜካፕ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ጀርመናዊ፣ የአውዲ 80 እ.ኤ.አ. የ1986ቱ ትውልድ፣ በቅርጽ ታሪክ ከሁለቱም ይልቅ ወደ ፊት ያየ ነበር፤ ለስላሳው ገላ ቀጥሎ የመጣውን ዘመን አስቀድሞ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ወደ ፊት ያየ ሁሉ የሚደርስበት ዕጣ ደረሰበት። ዓለም ሁሉ እንደ እርሱ ለስላሳ ከሆነ በኋላ፣ ቀዳሚው ከተከታዮቹ መለየት አቃተው። በአዲስ አበባም ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

በመጥፎ ስላረጀ ቅርጽ ሳይነገር በጥሩ ያረጀውን ማወደስ ሙሉ ሂስ አይሆንም። መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲ-ክላስ በታናሽ የቅንጦት መኪናነቱ የ190 የልጅ ልጅ ነው። የፊት መብራቶቹ ሁለት ክብ ተጣብቀው እንደ ኦቾሎኒ ፍሬ የተሠሩ ናቸው። ያን ጊዜ ሰዎች ወደዱት፤ አዲስ ነበርና። ነገር ግን መሥመሩ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የተሠራበትን ዓመት ነው። በዚህ ላይ የቁስ ጉዳይ ተጨመረ። ቀደም ያሉት መኪናዎች የመብራት ገጽ ብርጭቆ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ ተተካ። ፕላስቲኩ ከብርጭቆ ይልቅ ቀላልና እንደ ልብ የሚቀረጽ ስለሆነ ነዳፊዎቹ መብራትን እንደ ፈለጉ ማጣመም ቻሉ፤ በፀሐይ ጨረር ግን ይነጣል፣ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ቢጫ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ላይ ጨረሩ ይበረታል። ስለዚህ የሃያ ዓመቱ ሲ-ክላስ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ቆሞ ሲታይ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ይመስላል፤ ከጎኑ ያለው የአርባ ዓመት 190 ግን ባለ ብርጭቆ ዓይኑ ጥርት ብሎ ያያል። ለዚህ ተጠያቂው የቅርጹ ነዳፊ ብቻ አይደለም፤ ቁሱ ነው። ዳሩ ግን ቅርጽን ከቁሱ ለይቶ የሚያስብ ነዳፊ፣ ቃሉን ከድምፁ ለይቶ እንደሚጽፍ ገጣሚ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጀርመን መኪና ነው። የአዲስ አበባን ሰው፣ በተለይም የሃያ ሁለትንና የገርጂን ወጣት፣ የማያረጅ መኪና የቱ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ዲኤክስ ነው። ዲኤክስ ማለት ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሁለቱ ፊደላት ከኋላዋ የተጻፉት ለደረጃዋ ነው፤ «ደ ሉክስ» ከሚለው ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ ትርጉሙም የቅንጦት ማለት ነው። ቶዮታ እጅግ ተራ የሆነችውን መኪናውን ጥቂት ጨርቅና ጥቂት ኒኬል ጨምሮላት የቅንጦት አላት። ከተማይቱ ኮሮላነቷን ትታ ቅንጦትነቷን ስም አድርጋ ያዘች። በአውሮፓ የገበያ ቋንቋ የቅንጦት ደጃፍ የተባለው ነገር በአዲስ አበባ እውነተኛ መልኩ ይህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ወደ መኪና ባለቤትነት የገባው በዚህ ደጃፍ ነው።

እውነቱን ለመናገር የዲኤክስ ቅርጽ ከ190ም ሆነ ከኢ30 ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሣጥን ናት፤ ቀና ያለች፣ የማታፍር፣ መስኮቷ ሰፊ፣ መሥመሯ ቀጥ ያለ ሣጥን። የሚወዷት ሰዎች ለውበቷ ብለው አይወዷትም፤ መለዋወጫዋ በሱማሌ ተራ አይጠፋም፣ ሞተሯ ለማንኛውም መካኒክ ክፍት ነው፣ ስትሸጥም ዋጋዋን አትጥልም ብለው ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቶቿ የሚያደርጉትን ማየት ይገባል። ቀለሟን ከአንዴም ሦስቴ ያድሱታል፤ ቸርኬዋን ይለውጣሉ፤ ከመሬት ዝቅ ያደርጓታል፤ ስፖኪዮዋን፣ ፓራውልቷን፣ የውስጥ ጨርቋን እንደ ሙሽራ ያሰማምራሉ። ለጥቅም ብቻ የሚወደድ ነገር እንዲህ አይሸለምም። ፋብሪካው ያልሰጣትን ውበት ከተማይቱ በላይዋ ላይ ሠራችው፤ ለዚህም የተመቸችው ቀጥ ያለ ሣጥን ስለሆነች ነው። በቃላት የተጨናነቀ ግጥም ዜማ አይቀበልም፤ ዜማ የሚቀበለው ቀለል ያለው ነው።

በተቃራኒው ፔጆ 504ን ማስታወስ ያሳዝናል። በፒኒንፋሪና ቤት የተነደፈው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ፤ በተከታዩ ዓመትም በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። የፊት መብራቶቹ እንደ ለውዝ ፍሬ ሰያፍ ናቸው፤ የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን መካከሉ ላይ በድንገት ታጥፎ ይወርዳል። ያ እጥፋት ከተሠራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም አዲስ ነው፤ እዚህ ከተጠቀሱት መኪናዎች ሁሉ መካከል በመሥመር ውበት የሚበልጠው 504 ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በፈረንሣይ መሠራቱ በ1983 ካቆመ በኋላም በናይጄሪያና በኬንያ ለብዙ ዓመታት ተገጣጥሟል። በአዲስ አበባ ግን በአንድ ወቅት ብዙ የነበረው 504 ዛሬ ከስንት አንዴ የሚታይ ሆኗል። መልኩ አላረጀም፤ ገላው ነው ያለቀው። ቆንጆው ሄዶ ሣጥኗ ቀረች። ሂስ ይህን ፍርድ መቀበል ይቸግረዋል፤ ግን ጎዳናው የፈረደው እንዲህ ነው።

ላዳንም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የላዳ ዘር የሚጀምረው ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ላሜራውን አወፍረው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ሞተሩን ለውጠው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ሠሩት። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆኖ ሲያገለግል የነበረው ቅርጽ ሥሩ ይህ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ግን 2107 የተባለው ዓይነት ነው። በ1982 ሲወጣ በዚያ በቀላል ሣጥን ፊት ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ የኒኬል ፍርግርግ ተተከለለት፤ መርሰዲስን እንዲያስታውስ። ቅንጦትን የሚቃወም ሥርዓት የቅንጦትን ጭንብል በራሱ መኪና ላይ ሰቀለ። ያልተሸለመው የመጀመሪያው 2101 ባለ ሁለት ክብ ዓይን ፊቱ ዛሬም ያምራል፤ 2107 ግን የሰው ካባ እንደ ደረበ ሎሌ ነው። ለእርጅና የዳረገው ሣጥንነቱ ሳይሆን ፍርግርጉ ነው።

እነዚህን ሁሉ ቅርጾች በሕይወት ያቆየ አንድ የሙያ ወገን አለ፤ ስሙ በነዳፊዎች ታሪክ ውስጥ አይጻፍም። በገርጂ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ ጀርባ ባሉ ጋራዦች ውስጥ መዶሻና የብረት ድጋፍ ይዞ የተጨማደደ ፓራፋንጎ የሚያቃናው የላሜራ ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ቅርጹን የሚያውቀው በእጁ መዳፍ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በላሜራው ላይ ሲያሻሽ ጉብታውንና ስርጉዱን ያገኘዋል። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቀለም። የ190ን የጎን መሥመር ከፍሬቻው እስከ ኋላ መብራቱ ድረስ ቀጥ አድርጎ መመለስ የሚችለው መሥመሩ ራሱ ቀጥ ብሎ የተነደፈ በመሆኑ ነው፤ የት እንደሚሄድ ስለሚታወቅ ይገኛል። በኮምፒዩተር የተጠማዘዘው የአሁኑ ላሜራ ግን አንድ ጊዜ ከተጎዳ የት እንደ ነበር መዳፍ አያስታውሰውም። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍም፤ መብራቱ ሲሰበር ከነቤቱ ይጣላል። ስለዚህ ጥሩ ማርጀት ማለት በዚህች ከተማ አንድ ተጨማሪ ትርጉም አለው፤ በሌላ ሰው እጅ ሊጠገን መቻል ነው። የዲኤክስና የ190 ምሥጢር ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ይገናኛል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ እጅግ ከባድ ታክስ እንዲጣልባቸው አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ጭራሹን ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የውሳኔዎቹ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛና ኤሌክትሪክ ከአገር ወንዝ እንደሚገኝ ማንም ያውቃል። በቅርጽ ረገድ ግን ውጤቱ ግልጽ ነው። ከአሁን በኋላ 190 አይመጣም፤ ኢ30 አይመጣም፤ ዲኤክስም አትመጣም። በጎዳናው ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚገለበጥ መኪና ከዝርዝሩ አንድ ይቀንሳል። በዚሁ ጊዜ በቦሌና በመገናኛ የኮሪደር ልማት የመንገዱን ዳር መልክ ለውጦታል፤ እግረኛው ሰፊ መንገድ፣ መብራትና ዛፍ አግኝቷል። በታደሰው ጎዳና ላይ ያረጀው መኪና ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ለአንዳንዱ እንደ እድፍ፣ ለአንዳንዱ እንደ ማስታወሻ።

አዲሶቹን አስቀድሞ መኮነን ሐያሲን አያስከብርም። የኤሌክትሪክ መኪና ራዲያተሩን እንደ ቀድሞው የሚያቀዘቅዝ ሰፊ ፍርግርግ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ መቶ ዓመት ያህል የመኪና ፊት ሆኖ የኖረው አፍ ሥራ ፈትቷል። ነዳፊዎች ይህን ነጻነት እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማየት የዘመኑ ትልቅ ጉጉት ነው። በአዲስ አበባ የበዛው ቮልስዋገን አይ.ዲ.4 አፉን በአብዛኛው ዘግቶታል፤ በዚህ ረገድ ፍርግርግ ላልነበራት ለጥንታዊቷ ቮልስ፣ ሳያስበው ይሁን አስቦ፣ ልጅነቱን አስመስክሯል። ገላው ግን ከብዷል፤ ጎኑ ላይ ያሉት እጥፋቶች ክብደቱን ለመደበቅ የተጨመሩ ናቸው። የቻይናው ቢ.ዋይ.ዲ. ከዚህ ቀደም ለአልፋ ሮሜዮና ለአውዲ የሠራውን ጀርመናዊ ቮልፍጋንግ ኤገርን የቅርጽ ኃላፊ አድርጎ ሲወስድ፣ በአንዳንድ መኪናዎቹ ፊት ላይ የዘንዶ ምስል ተሣለ። ዘንዶው ለቻይና ተመልካች የራሱ ባህል ነው፤ አንድ ሕዝብ በመኪናው ላይ የገዛ ተረቱን ማስፈሩ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ጥያቄው በፕላስቲክ የተቀረጸው ጢምና ቅንድብ በቦሌ ፀሐይ ሃያ ዓመት ሲቆይ ምን እንደሚመስል ነው። በሲ-ክላስ ዓይን ላይ የደረሰው ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል።

በጥርና በሚያዝያ ቅዳሜ እሑድ የቦሌን ጎዳና የሚሞሉት የሠርግ አጃቢዎች ሌላ ፍንጭ ይሰጣሉ። ካሜራ የያዘው ሰው ከፊተኛው መኪና ኋላ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀርጻል፤ አበባ የታሰረበት መኪና ይከተላል፤ ክላክስ ይጮኻል። ለብዙ ዓመታት ሙሽሮች የሚፈልጉት ከሁሉ አዲስ የሆነውን መኪና ነበር። አሁንም የሚበዛው እርሱ ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን በሰልፉ ራስ ላይ አንድ አሮጌ መርሰዲስ ወይም ተወልውላ የታጠበች ቮልስ ስትሄድ ትታያለች፤ ሙሽራዪቱ የተወለደችው መኪናው ከተሠራ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የሠርግ ፎቶግራፍ ለሃምሳ ዓመት የሚቀመጥ ነው፤ የሚመርጡት ልጆች ይህን ማስላታቸው አይቀርም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ከሚመላለሱት 190ዎች መካከል የኮፈኑ ኮከብ የተሰበረባቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ባለቤት ከሱማሌ ተራ ሌላ ገዝቶ ያስተክላል፤ አንዳንዱ ቀዳዳውን በስቱኮ አስደፍኖ፣ ቀለም አስቀብቶ ይተወዋል። ኮከቡ የሌለውን መኪና ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ጎኑን፣ ትከሻውን፣ ሰያፍ የተቆረጠውን ማዕዘን አይቶ ስሙን ይጠራዋል፤ ኮከቡ መጥፋቱን የሚያስተውለው መኪናው ቀርቦ ካለፈው በኋላ ነው።